የቆርቆሮ ሰፈር አጥር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስሜን እጽፋለሁ፤ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ስፈርም ኖሬአለሁ፤ ሱቅ ለሚላክ ልጅ የሚገዛውን እቃ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር እጄ ሞክሮ አያውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። በዚያ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ እንኳ እድር ላይ ተናገሪ ስባል ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ መሬት አያለሁ። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ ስጽፍም አፌን አያየኝም። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ፤ ያልጣመው ሰው ይተወው።

ነገሩን ያመጣው አንድ ባጃጅ ነው። ባለፈው በጋ እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ወደ ልጄ ቤት ስሳፈር አንድ ሽበት የወረሰው፣ ኮቱ ያማረ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። መንገዱን እያየ "ይህ ሁሉ ፎቅ መቼ ተሠራ?" አለ ለራሱ። እንግዳ መሆኑን አውቄ "ከየት መጡ?" አልኩት። ከአዲስ አበባ፣ ትውልዱ ግን ዳንግላ መሆኑን ነገረኝ። "ዳንግላ የት?" ስለው "አያውቁትም እማማ፤ ድሮ ቆርቆሮ ሰፈር ይባል ነበር" አለኝ። እጄ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ጉልበቱን ያዝኩት። የማን ልጅ መሆኑን ስጠይቀው የግራዝማች ወልዴ ልጅ ዳንኤል ሆኖ ተገኘ። "አዝዬሃለሁ እኮ" አልኩት። ባጃጁ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። "እናንተማ ቤተሰብ ነበራችሁ" አለ። ስለ ሰፈሩ ትዝታውን እየጻፈ በስልክ እንደሚለቀውም ነገረኝ። የልጅ ልጄ እንድታነብልኝ ስሙን አስጻፍኩት።

ማታ የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ጥሩ ይጽፋል፤ የተማረ ነው። "በሩ ለማንም ክፍት የነበረ፣ ደሃና ሀብታም በአንድ መሶብ የበላበት ሰፈር" ይላል። ልጅቷ ቀና ብላ "እውነት ነው እማዬ?" አለችኝ። "አጥሩን ረስቶታል" አልኳት። "ታዲያ ከሥሩ ልጻፍልሽ? አጭር ነገር ንገሪኝ" አለች። አጭር ነገር የለኝም። ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ወረቀት አስገዛኋት።

እንግዲህ ቆርቆሮ ሰፈር የምንለው ከታች ያለነው ነን፤ የሚኖሩበት ሰዎች ላይ ቤት ነበር የሚሉት። ከገበያው በላይ ያለው ጉብታ ነው። ያኔ ከተማው በሙሉ ሣር ክዳን ሆኖ ጉብታው ብቻ በቆርቆሮ ያበራ ነበር። ጠዋት ከገበያው ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ዓይኑን በእጁ ይጋርዳል። ዳኛው እዚያ ነበሩ፣ የግምጃ ቤቱ ሹም እዚያ ነበሩ፣ ጌሾና ማር በጭነት መኪና የሚልከው ነጋዴ እዚያ ነበር፤ ከሁሉም በላይ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት፣ የግራዝማች ቤት ነበረ። አልዋሽም፤ ያምር ነበር። በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሰው ሁሉ በእጁ እየተነጋገረ ይስቃል። ማታ ማሾ ፋኖሱ ሲለኮስ ግቢው የሠርግ ቤት ይመስላል። ሸክላ የሚያዘፍን ሣጥንም ነበረን፤ እጀታው ይጠመዘዛል፤ ዘፈኑ መሀል ላይ ሲደክመው የሴትዮዋ ድምፅ እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ የወንድ ይሆናል፤ ያኔ እኔ ሮጬ እጀታውን ሳዞረው ሴትዮዋ ትመለሳለች። ስሙኒ ይዞ ሱቅ የወረደ ሰው ጋዙንም ክብሪቱንም ጨውንም ገዝቶ ለልጅ ከረሜላ ይተርፈው ነበር። እሜቴ፣ የግራዝማች ሚስት ማለቴ ነው፣ በአዘቦት ቀን እንኳ ጥለቱ እጅ የሚያህል ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ እኔ አቡጀዴ፣ እሱም ሲታጠብ እያጠረ የሚሄድ። ዛሬ ጉብታው ላይ የስልክ ማማ ቆሟል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ወደዚያ ቀና ብሎ ይራገማል። እኔ ያን ጊዜ ቀና ብሎ የሚራገም ሰው አላየሁም።

አጥሩ ቀርቀሃ ነው። ቀርቀሃው ከእንጅባራ ደጋ፣ ያኔ ኮሶበር ከምንላት፣ በሰው ትከሻ ይመጣ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ሠሪዎች መጥተው የጠቆረውን ነቅለው አዲስ ይሸርባሉ፤ ከፈረስ በታች ያለ ሰው በምንም መንገድ አሻግሮ እንዳያይ አድርገው። አዲሱ ቀርቀሃ ለጥቂት ቀን ቢጫ ሆኖ እንደ እርጥብ ሣር ይሸታል። ዛሬም አንድ ቦታ ቀርቀሃ ሲሰነጠቅ ካሸተተኝ ቆሜ እቀራለሁ። ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

ያ አጥር ደግሞ ደንብ ነበረው። በግራዝማች ደጅ ፈረስ ወይም በቅሎ ተቀምጦ ማለፍ ክልክል ነው። የመጣ ሰው ከጉብታው ግርጌ ይወርዳል፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይወጣል። ይህን ያወጡት እሳቸው አልነበሩም፤ የትልቅ ሰው ደጅ ሁሉ እንዲያ ነበር። ግን የእኛን አገር ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። አገው ዘንድ ፈረስ እቃ አይደለም። ሙሽራ በፈረሰኛ ይታጀባል፤ ሰው ሲሞት በፈረስ ይለቀሳል። አባቴ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲህ ያለ ገበሬ ነበር፤ መሬቱ ጠባብ፣ ልብሱ አንድ፣ ፈረሱ ግን ዳማ ነበር፤ ዳማ ሲሄድ ሰው ዘወር ብሎ ያየዋል። አባቴ ከፈረስ የሚወርደው ለቤተ ክርስቲያንና ለሬሳ ብቻ ነው ይል ነበር።

ወደ ጉብታው የመጣሁት ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው። እሜቴ ለቤተ ክርስቲያን ንግሥ በአገራችን ሲያልፉ እናቴ ዘንድ አርፈው "ይህችን ልጅ ስጪኝ፤ አስተምራታለሁ" አሏት። እውነትም አስገቡኝ። አራተኛ ክፍል ደረስኩ። ከዚያ ዳንኤል ተወለደና "ልጁን ማን ይይዘዋል?" ተባለ፤ ትምህርቱ በዚያው ቆመ። ግቢው ውስጥ አገውኛ ማውራት አይፈቀድም ነበር፤ ልጁ ይለምደዋል ብለው። እኔም ሰው ፊት አላወራሁም። ጀርባዬ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ግን በሌላ ቋንቋ ማባበል አልችልበትም ነበር። ዳንኤል፣ አንተ በጽሑፍህ ስለ ቤታችሁ የጠራ አማርኛ ብዙ ብለሃል። አፍህን የፈታኸው ውሃን በአገውኛ ጠርተህ ነው። እናትህ "ምን አለ?" ሲሉኝ "አልሰማሁም" አልኳቸው።

አባቴ ሊጠይቀኝ አልመጣም። አዲስ ዓመት መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ ሌላ ጥምቀት መጣ፤ አባቴ የለም። ረስቶኛል አልኩ። ረስቶኛል ካልኩ በኋላ ቢያንስ አልጠበቅኩም። ከዚያ የግራዝማች እህት ከአዲስ አበባ መጡ፤ አዩኝ፣ እጄን ገልብጠው አዩት፣ "ይህችን ከፋሲካ በኋላ እኔ እወስዳታለሁ" አሉ። ከእኔ በፊት እንዲያ የተወሰደች ልጅ ነበረች፤ ወሬዋ እንኳ ተመልሶ አልመጣም። መጥፋትም አይታሰብም። ሌላዋ ሠራተኛ በጓሮ ጠፍታ ጉትቻ ሰርቃለች ተባለና እጇን ታስራ በገበያው መሀል ተነዳች፤ ጉትቻው ኋላ ከምንጣፍ ሥር ተገኘ። ተገኘ ተብሎ ግን በገበያው መሀል አልተነገረላትም።

ሁዳዴው ሊጋመስ ሲል ወጥ ሠሪዋ ታመመችና ጋዝ እንድገዛ ወደ ታች ተላክሁ። ትምህርት ቤቱም ውሃ የምቀዳበትም ከጉብታው ጀርባ ስለነበሩ በገበያው በኩል ወርጄ አላውቅም ማለት ይቻላል። ግርጌው ላይ፣ ከዋርካው አጠገብ፣ የጋሽ ኑሩ ሱቅ ነበረ። ጋሽ ኑሩ ጋዙን እየቀዱ "የማን ቤት ነሽ?" አሉኝ።

"የግራዝማች።"

"እዚያ ቤት አንጓች የምትባል ልጅ አለች?"

"እኔ ነኝ።"

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡት። "በሕይወት አለሽ እንዴ? አባትሽ እኮ ሞታም ከሆነ ንገሩኝ እያለ ሲያደርቀኝ ከረመ።"

"አባቴ አይመጣም" አልኳቸው።

"አይመጣም? ገበያ በሆነ ቁጥር ከዚች ዋርካ ሥር ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ጉብታውን ሲያይ ነው የሚውለው። ዘበኛው ወርደህ ግባ ይለዋል፤ እሱ ልጄን ጥራልኝ ይላል። ዘበኛው አይጠራ፣ እሱ አይወርድ። ከሦስቱ አእምሮ ያለው ፈረሱ ብቻ ነው፤ እሱ እንኳ ሣር ይግጣል።"

ጋዙን ይዤ ስወጣ ደስ ብሎኛል ብላችሁ እንዳትገምቱ። ተናድጄ ነበር። በእሜቴ መናደዱ ኋላ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በአባቴ ነው። ከሱቁ በር ተመለስኩና ጋሽ ኑሩን "ለሚቀጥለው ገበያ ይጠብቀኝ በሉልኝ" አልኳቸው።

በሚቀጥለው ገበያ ወጥ ሠሪዋ አሁንም አልጋ ላይ ነበረች። ልብሴን በነጠላ ቋጥሬ፣ የዘይት ቅል ከላይ አንጠልጥዬ፣ ለሱቅ እንደሚሄድ ሰው በፊት ለፊት በር ወረድኩ። አባቴ ዳማ ላይ ነበር። ሸብቷል። ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ "አድገሻል" አለኝ በአገውኛ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ።

"አባዬ፣ ደህና ነዎት?"

"ነይ ከኋላዬ ውጪ። እንሂድ።"

"አልወጣም።"

"ምን አልሽ?"

"እንዲህ ከሄድኩ ሌባ ይሉኛል። በበራቸው ነው የምሄደው፤ ሰላም ብዬ፣ ሰው እያየኝ። እርስዎም መጥተው ልጄን ልውሰድ ይበሏቸው።"

"እዚያ በር ላይ ከፈረስ አልወርድም" አለ። "አባቴን በዚህ መንገድ አስወርደውታል፤ በጭቃ። ያን ቀን ፈረሱን ይዤ ከኋላው የሄድኩ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ያኔ ካንቺም ያንስ ነበር።"

"ታዲያ ለእርስዎ አባት ፈረስ ብዬ እኔ አዲስ አበባ ልወሰድ?"

"አዲስ አበባ?" አለ። አልሰማም ነበር። ወደ ጋሽ ኑሩ ዞረ፤ ጋሽ ኑሩ ሚዛናቸውን ያስተካክላሉ። "ለእናትሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ?"

"ፈረሰኛ ነኝ ይበሏት።"

እንዲህ ያለ ነገር ለአባቴ እናገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጋሽ ኑሩ ከሚዛኑ ጀርባ ሳል አስመስለው ሳቁ። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። በጅራፉ ይለኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልሮጥኩም። ከዚያ እግሩን ከእርካቡ አወጣ። ከፈረስ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንደ ወጣት ዘሎ ነው የሚወርደው። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ፣ በአንድ እግሩ መሬቱን ፈልጎ እንደሚረግጥ ሰው ወረደ። ጋቢውን አላደገደገም። በብብቴ ይዞ አነሳኝና ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝ።

"አባዬ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይይ። እኔ ወርጃለሁ። ዳማ ግን በዚያ ደጅ ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ አያልፍም።"

ልጓሙን ይዞ መውጣት ጀመረ። ሴት ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠርግ በሌለበት፣ በወንድ ኮርቻ። የገበያው ሰው እህሉን እየተወ ይከተለን ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ዳማ ሲያንሸራትተኝ ገለጥኩት። ያኔ ነው ያየሁት። ያን ሁሉ ዓመት በጎኑ የተመላለስኩበት አጥር ከዓይኔ በታች ነበር። የዳኛው ቤት ከፊት ቆርቆሮ፣ ከኋላ ሣር ክዳን ነበር፤ ሲያስከብራቸው የኖረው ግማሽ ቤት ነው። የግምጃ ቤቱ ሹም በጥብቆ ብቻ ሆነው ዶሮ ያሳድዳሉ። የነጋዴው እናት፣ እኚያ የሚፈሩት ሴትዮ፣ ፀሐይ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሸንኮራ ይመጥጣሉ፤ አይተውኝ እጃቸውን አነሱልኝ። ሳቄ መጣ። ያን ቀን ሳቄ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም ቀና ብዬ የምሄድ አይመስለኝም።

በሩ ላይ ዘበኛው አባ ዘለቀ ጠመንጃውን ይዞ ቆመ። "ውረድ" አለ።

"ወርጃለሁ" አለ አባቴ።

"አንተን አላልኩም፤ እሷን።"

"ደንቡ ለወንድ አይደለም እንዴ?"

"ለሚቀመጥ ሁሉ ነው።"

"ሴት በፈረስ መጥታ ታውቃለች?"

አባ ዘለቀ ራሱን አከከ። "መጥታማ አታውቅም።"

"እንግዲያው ለእሷ ገና ደንብ አልወጣም" አለ አባቴ። የተከተለን ሰው ሳቀ፤ አባ ዘለቀም ሊስቅ ብሎ አፉን በጠመንጃው አፈሙዝ ከለለ።

ግራዝማች በነጠላ ጫማ ወደ በረንዳው ወጡ። ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩኝ። አባቴ እጅ ነሳ፤ በእግሩ እንደቆመ ሰው፣ በደንብ። "ጌታዬ፣ ልጄን ስላሳደጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ልወስዳት ነው የመጣሁት፤ እናቷ አላየቻትም።"

"ከፋሲካ በኋላ እህቴ ዘንድ ትሄዳለች፤ ተነጋግረናል" አሉ።

"ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም፣ ጌታዬ።"

ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እምቢ የሚላቸው ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም፣ ያ ነው። ቋጠሮዬን አይተው "ጓዟ ይፈተሽ" አሉ። እኔም የፈለግሁት ይህን ነበር። ቋጠሮዬን ከላይ ወረወርኩለት። አባ ዘለቀ መሬት ላይ ፈታው፦ የታጠበ ቀሚስ፣ ማበጠሪያ፣ ልባሱ የወለቀ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ፣ የዘይት ቅሉ። ቅሉን ለይቶ አስቀመጠ፤ የቤቱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ እንደ ወታደር ጮክ አድርጎ "የወሰደችው ነገር የለም፣ ጌታዬ" አለ። የገበያው ሰው ሁሉ ሰማ። ግራዝማች "ይውሰዳት" ብለው ገቡ።

አዲስ ቅዳም ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟ ሆኜ ስድስተኛን ጨረስኩ። ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ። አባቴ ለዚያ ቀን ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ እስኪሞት ድረስ ግን ለማንም ሲያስተዋውቀኝ "ያቺ ናት" ይል ነበር። ዳንኤል ሆይ፣ ቤተሰብ አልነበርኩም። ሠራተኛ ነበርኩ፤ የቤታችሁን ውሃ በጀርባዬ ያወጣሁ፣ አንተንም በጀርባዬ ያሳደግሁ። ያ ጉብታ የእኔም ነው፤ በዚህ መብት ነው የምጽፈው። በሩ ክፍት አልነበረም። ክፍት ቢሆን ኖሮ ለመውጣት ፈረስ አያስፈልገኝም ነበር።

ስለ እናትህ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ አንተ ታዝለህ ነበርና አታስታውሰውም። አባቴ ፈረሱን አዙሮ የኮርቻውን ጠፍር ሲያጠብቅ፣ አጥሩ ከመንገዱ ጋር በሚጣበቅበት በኩል ድምፅ ሰማሁ። አጎንብሼ አየሁ። እሜቴ ናቸው፤ አንተን በጀርባቸው አዝለው ቀርቀሃው ሥር ቆመዋል። አዝለውህ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተድረው፣ ፊታቸው ተሸፍኖ በበቅሎ የመጡት የአንደኛ ክፍል ልጅ በሚያህል ዕድሜ ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በጃንጥላ ሥር፣ በሁለት ሴቶች መሀል ሆነው ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ በቀር ከዚያ አጥር አልወጡም። ገበያውን በድምፁ ነው የሚያውቁት። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብለው እኔን ሳይሆን ከእኔ በላይ ያለውን ሰማይ እያዩ፣ አባቴ እንዳይሰማ በቀስታ፣

"ከዚያ ላይ ሲሆን ምን ይታያል፣ አንጓች?" አሉኝ።